ጥም የለመደው ኦርኪድ

ኦርኪድ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው በሆቴል እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን፣ ነጭ ወይም ሐምራዊ አበባው በቀጭን ዘንግ ላይ የተደረደረውን ተክል ነው። ዕፅዋት የሚወድ ሰው ደግሞ የከፋንና የኢሉባቦርን ጭጋጋማ ደን፣ በትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ሥሩን አንጠልጥሎ የሚኖረውን ኦርኪድ ያስታውሳል። ሁለቱም ሥዕሎች እርጥበት እርጥበት ይሸታሉ። ስለዚህ ኦርኪድንና ሀርጌሳን አንድ ላይ ማንሳት ለብዙዎች ቀልድ ሊመስል ይችላል። በሶማሊላንድ ያለችው ሀርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው ሲሶ ያህሉ ነው። ቢሆንም ግራርና እሬት የበዛበት ይህ ደረቅ ምድር የራሱ ኦርኪድ አለው። ሊያሳድገው የሚፈልግ ሰው ግን ስለ ኦርኪድ የሰማውን ምክር አብዛኛውን መርሳት ይኖርበታል። ይህን የአገር ተክል መንከባከብ ማለት በዋነኛነት እጅን መሰብሰብ ነውና። ከዱር ከመንቀል፣ አብዝቶ ከማጠጣት፣ የሚያስጠልለውን ቁጥቋጦ ከመመንጠር እጁን የሰበሰበ ሰው ተክሉን ያኖረዋል። ሲበዛ ማር ይመራል እንዲሉ፣ ለዚህ ኦርኪድ ውሃም ሲበዛ ገዳይ ነው።

ተክሉ በሳይንሳዊ ስሙ ኢውሎፊያ ፔተርሲ ይባላል። ኢውሎፊያ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «ያማረ ቁንጮ» እንደ ማለት ነው፤ በአበባው ከንፈር ላይ ጎልተው የሚታዩትን ሸንተረሮች ያመለክታል። ፔተርሲ የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በሞዛምቢክ ዕፅዋትና እንስሳት ይሰበስብ ለነበረው ለጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ለቪልሄልም ፔተርስ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። የሚበቅልበት አገር ሰፊ ነው። ከኤርትራ ተነሥቶ በኢትዮጵያና በሶማሌ ምድር አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በየመን፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በኦማን ይገኛል። አሸዋማና ድንጋያማ መሬት፣ ሳሳ ያለ የቁጥቋጦ ጥላ ይስማማዋል። አበባ ባላወጣበት ወቅት አላፊ አግዳሚው ልብ አይለውም፤ ወፍራምና ጠንካራ ቅጠሉ፣ በጠርዙ ላይ ያለው እንደ መጋዝ የሚሻክር ጥርስ እሬት ወይም የቃጫ ተክል ያስመስለዋል። አበባ ሲያወጣ ግን ማንነቱ ይገለጣል። ከሰው ቁመት ሊያልፍ የሚችል ቅርንጫፋም ዘንግ ይሰዳል፤ በዘንጉ ላይ አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለባቸው፣ ጫፋቸው ወደ ኋላ የተጠቀለለ፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ሐምራዊ መስመር የጣለባቸው አበቦች ተራ በተራ ይፈካሉ።

የእንክብካቤው ሕግ ሁሉ የሚወጣው ከአካሉ አሠራር ነው። ከመሬት በላይ ተደራርበው የሚታዩት አረንጓዴ እብጥ ግንዶች የተክሉ ጎተራ ናቸው፤ በዝናብ ወቅት ውሃና ምግብ አጠራቅመው ለበጋ ያቆያሉ። ሥሮቹ እንደ ስፖንጅ ውሃ በሚስብ ነጭ ሽፋን የተጠቀለሉ ስለሆኑ ለጥቂት ሰዓት የዘነበውን ዝናብ ሳያባክኑ ይጠቀሙበታል። ከሁሉም በላይ የሚደንቀው አተነፋፈሱ ነው። አብዛኛው ተክል የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከፍቶ አየር የሚያስገባው በቀን ነው፤ በዚያውም ልክ ውሃው በትነት ይሄድበታል። ይህ ኦርኪድ ግን እንደ ቁልቋልና እንደ እሬት ቀዳዳዎቹን ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል፤ በቅዝቃዜው ያስገባውን አየር አቆይቶ ፀሐይ ስትወጣ ምግብ ይሠራበታል። ስለዚህ ድርቅ ለእርሱ በሰው ርኅራኄ የሚታለፍ ድንገተኛ መከራ ሊባል አይችልም፤ የተሠራበት ኑሮው ነው። የሶማሌ አርብቶ አደር ዓመቱን በጉ፣ በሐጋ፣ በደይርና በጂላል ይከፋፍለዋል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው የጉ ዝናብ ለተክሉ የማደጊያ ጥሪ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚዘልቀው ደረቁ ጂላል ደግሞ የዕረፍት ጊዜው ነው። አሳዳጊው ይህን የቀን መቁጠሪያ ከጠበቀ ሌላው ቀላል ነው።

ከማሰሮው እንጀምር። ከፕላስቲክ ይልቅ ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ ይመረጣል፤ ሸክላ እርጥበቱን በግድግዳው በኩል ያስተነፍሳል። የማሰሮው ግርጌ በደንብ የተበሳ መሆን አለበት። ተክሉን ለማሳረፍ ከሚያስፈልገው ብዙም የሰፋ ማሰሮ አያስፈልግም፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቀመጥና ብስባሽ ይጠራል። አፈሩ ለጎመንና ለጽጌረዳ ከሚዘጋጀው የተለየ ነው። አብዛኛው እጅ ታጥቦ ጭቃው የወጣለት ደቃቅ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ፣ ቀሪው ጥቂት እጅ የበሰበሰ ቅጠል ቢሆን ይበቃል። ውሃ ሲፈስበት ወዲያው ከሥር መውጣት አለበት፤ ላዩ ላይ ከተኛ ድብልቁ ከብዷልና ጠጠር ይጨመርበት። እብጥ ግንዶቹ አይቀበሩም፤ ሥሮቹ ብቻ ተሸፍነው ግንዶቹ በጠጠሩ ላይ ያርፋሉ። ብዙ ኦርኪድ አሳዳጊዎች ድብልቁ አየር እንዲያገኝ የከሰል ስብርባሪ ይጨምሩበታል፤ በሀርጌሳ ቤቶች ከጆንያው ግርጌ የሚቀረው ድቃቂ ለዚህ ይሆናል። ከሰሉ ከየት እንደሚመጣ ግን ኋላ ላይ እንመለስበታለን፤ የዚህ ተክል ዕጣ ከእርሱ ጋር የተሳሰረ ነውና።

ብርሃን በብዛት ይፈልጋል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝና ከሰዓት በኋላ ሳሳ ያለ የዛፍ ጥላ የሚያርፍበት ግቢ ይስማማዋል፤ ከቤት ውስጥ መጋረጃ ጀርባ የተቀመጠ እንደሆነ ቅጠሉ ይረዝማል እንጂ አበባ አያወጣም። ጥላ ለምዶ የኖረ ተክል ወደ ፀሐይ ሲወጣ ቅጠሉ እንዳይቃጠል በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይለማመድ። አዲስ ቡቃያ ብቅ ሲልና ሥሮች መሄድ ሲጀምሩ ውሃው በማሰሮው ሥር እስኪወርድ ድረስ ይጠጣል፤ ከዚያ ድብልቁ ክው ብሎ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ጨው የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሥሩን ስለሚጎዳ ከጣሪያ ወይም ቢርካ በሚባለው የመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል። ማዳበሪያ በዚህ የዕድገት ወቅት ብቻ፣ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው በግማሽ ወይም ከዚያም ባነሰ መጠን ይሰጣል። አዲሱ ግንድ ሞልቶ ሲጠነክር ውሃው እየተራራቀ ይሄዳል፤ በጂላል ይቆማል ማለት ይቻላል። ግንዶቹ ክፉኛ ከተጨማደዱ ብቻ ጥቂት ማቅመስ ይበቃል። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ስለሚበርድ ብርድና እርጥበት አንድ ላይ የገጠሙበት ሥር ይበሰብሳል። ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ በቅጠሉ ብብት ሲታይ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ተክሉ ማሰሮውን ሲሞላ፣ በዕድገቱ ወቅት መግቢያ ላይ፣ በንጹሕ ቢላዋ ይከፈላል። በእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ ሦስት እብጥ ግንዶች ይቅሩለት፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ለጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ከቆየ በኋላ ይተከላል።

እንግዲህ በፍሬው ማባዛት ለምን አይሞከርም የሚል ይኖራል። የኦርኪድ ፍሬ እንደ ብናኝ የደቀቀ ነው፤ አንድ ዘለላ በሺዎች፣ አንዳንዱ ዝርያ በሚሊዮን የሚቆጠር ዘር ይይዛል። ነገር ግን ባቄላ ወይም ስንዴ በጉያው እንደሚይዘው ያለ ስንቅ የለውም። ዘሩ በዱር የሚበቅለው በአፈርና በብስባሽ ውስጥ ከሚኖር ተስማሚ ፈንገስ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ፈንገሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃኑን ተክል ይመግበዋል። ይህን ምሥጢር እ.ኤ.አ. በ1899 የገለጠው ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር ነው። አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሉዊስ ክናድሰን ደግሞ በ1922 ያለ ፈንገስ፣ ስኳር ባለበት ንጹሕ ማብቀያ በጠርሙስ ውስጥ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ፤ የዛሬው የኦርኪድ ንግድ በአብዛኛው የቆመው በዚያ ግኝት ላይ ነው። ለቤት አሳዳጊ ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ዘሩን ማሰሮ ላይ በትኖ ቡቃያ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ያለው መንገድ መክፈል ወይም በላቦራቶሪ የበቀለ ችግኝ መግዛት ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። ከዱር የተነቀለ ተክል የሚለየው ከመሬቱ ብቻ አይደለም፤ ዘሩን ሊያሳድግ ከሚችለው ፈንገስ ጋርም ይቆራረጣል። በማሰሮ ውስጥ ዓመታት ሊኖር ይችላል፤ ልጅ መተካቱ ግን አብቅቷል። የተነቀለበት ጉድጓድም ቢሆን ሌላ እስኪተካበት ብዙ ዝናብ ያልፋል።

የከሰሉ ነገር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በሀርጌሳ የብዙው ቤት ማብሰያ ከሰል ነው፤ ለከሰል በብዛት የሚቆረጠው ደግሞ ሶማሌዎች ገሎል የሚሉት የግራር ዓይነት ነው። እንጨቱ ከባድ፣ ፍሙ ቆይታ ያለው ስለሆነ ገበያው ይመርጠዋል። ገሎልን የመሰለ ዛፍ ሲወድቅ አብረውት የሚሄዱት ብዙ ናቸው፤ ሳሳ ያለው ጥላው፣ ከሥሩ የሚጠራቀመው ቅጠል፣ ቅጠሉ ሲበሰብስ በውስጡ የሚኖረው ፈንገስ፣ የዝናቡን ውሃ የሚያዘገየው ሥሩ። አንድም ሰው ኦርኪዱን ሳይነካው የኦርኪዱ መኖሪያ ይፈርሳል። ይህ በደረቅ ምድር ብቻ የሚሆን አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥብ ደኖች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የደን መቆራረጥም ሆነ በደን ውስጥ የሚካሄድ የቡና ልማት በዛፍ ላይ የሚኖሩ ኦርኪዶችን ብዝኃነት እንደሚቀንሱ አሳይቷል። እዚያም ኦርኪዱን የሚጎዳው ሰው አበባ ለቃሚ አልነበረም፤ ዛፍ ቀናሽና ቁጥቋጦ መንጣሪ ነበር። የሀርጌሳም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም ማስረጃ ወደ አንድ ቦታ ይመራል፤ የኦርኪድ እንክብካቤ ከማሰሮው በፊት በዛፉ ይጀምራል።

ይህን ለሚል ሰው የሚቀርብለት የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። «ቁጥቋጦው ሊመነጠር ነው፤ ከሰል ሠሪው ሳይደርስበት ነቅዬ ግቢዬ ብተክለው ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?» ዶዘር በቆመበት መሬት ላይ ላለ ተክል ክርክሩ እውነት አለው። ነገር ግን ማዳን የሚባለው ተክሉ የተገኘበት ቦታ ተመዝግቦ፣ የመሬቱ ባለቤትና የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አውቀውት፣ ተክሉም ሊጠናና ሊባዛ ወደሚችልበት ስብስብ ሲገባ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው «ማዳን» ገበያ ይፈጥራል፤ ገበያ ደግሞ ሊመነጠር ያለውንና የማይመነጠረውን መሬት አይለይም። የዛምቢያው ቺካንዳ ትምህርት ይሆናል። ቺካንዳ ከምድር ኦርኪዶች ሥር የሚሠራ ባህላዊ ምግብ ነው፤ ፈላጊው ከመንደር ወደ ከተማ ሲሰፋ የዛምቢያ ሜዳዎች አልበቃ ብለው ቁፈራው ወደ ታንዛኒያ ደጋዎች ተሻገረ። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2005 የኪቱሎን ብሔራዊ ፓርክ በዋነኛነት ለዕፅዋቱ ስትል ከለለች። በዓለም አቀፍ ደረጃም ሳይቴስ የተባለው ስምምነት ኦርኪዶችን በሙሉ በቁጥጥር ሥር አድርጓል፤ ሶማሊያም ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባላት ናቸው። ስለዚህ በድንበር ከተማዋ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ጅግጅጋ በሻንጣ የሚሻገር አንድ የኦርኪድ ግንድ እንኳ፣ ላኪው ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም፣ ያለ ፈቃድ ከሄደ ሕግ መጣስ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል። «ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው የሱቁን ኦርኪድ ገዝቼ ለምን አልገላገልም?» ለዚህም ተገቢውን ድርሻ መስጠት ያስፈልጋል። ፋሌኖፕሲስ የሚባለው የሱቅ ኦርኪድ በላቦራቶሪ በገፍ የሚባዛ ስለሆነ ገዢው ከየትኛውም ጫካ ምንም አይወስድም፤ በዚህ በኩል ከዱር ከተነቀለ የአገር ተክል መቶ ጊዜ ይሻላል። ችግሩ ከኑሮው ነው። የፋሌኖፕሲስ ዘመዶች የሚኖሩት በደቡብ ምሥራቅ እስያና በአካባቢው እርጥብ ደኖች ነው፤ እብጥ ግንድ ስለሌለው የሚያጠራቅመው ውሃ ጥቂት ነው፤ የሀርጌሳ ደረቅ ነፋስ ደግሞ ዕንቡጡን ያራግፈዋል። የከተማዋ ዋና የውሃ ምንጭ በሰሜን በኩል ያለው የጌድ ደብሌ ጉድጓድ ነው፤ መስመሩ ያልደረሰባቸው ቤቶች ከቦቴና ከአህያ ጋሪ ይገዛሉ። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ቤት በየጊዜው ጭጋግ ሊረጭለት የሚገባ አበባ እዳ ነው። በጂላል ወራት ምንም የማይጠይቀው የአገሩ ኦርኪድ ለዚያ ግቢ ይሻላል፤ ከሕጋዊ ምንጭ እስኪገኝ መታገስ ግን ግድ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይበልጥ ሊደመጥ ይገባዋል። ሰው ለማብሰያ ከሰል፣ ለከብቱ ሣር፣ ለልጁ ውሃ በሚቸገርበት አገር ስለ አንድ አበባ ማውራት ቅንጦት አይደለምን? ይህ አበባ ማንንም እንደማያበላ በግልጽ መናገር ይገባል። ከኦርኪዶች መካከል በምግብነት የዓለምን ገበያ የሞላው ቫኒላ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከሜክሲኮ ሲወጣ ከአበባው ጋር የለመደችውን ንብ ስላጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 በሬዩኒዮን ደሴት ኤድሞን አልቢዩስ የተባለ የ12 ዓመት ባሪያ ልጅ በቀጭን እንጨት የማዳቀልን ዘዴ እስኪያገኝ ድረስ በቅኝ ግዛቶቹ ለንግድ የሚበቃ ፍሬ አልሰጠም ነበር። ኢውሎፊያ ፔተርሲ እንዲህ ያለ ሀብት ይሆናል ብሎ ተስፋ መሸጥ ሐሰት ነው። ጥቅሙ በሌላ መንገድ ይገለጣል። ይህን ኦርኪድ የሚያኖረው ገሎል ፍየሉንም ያኖራል፤ አፈሩንም ጎርፍ እንዳይወስደው ይይዛል። ኦርኪዱ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ፈንገስና ጥላ የሚሻ በመሆኑ፣ ካለበት ቁጥቋጦ ከጠፋ መሬቱ ብዙ ነገር እንዳጣ ይነግራል። ስለ አበባው መጨነቅ ለአርብቶ አደሩ ግጦሽ ከመጨነቅ የተለየ ሥራ አይደለም፤ ያው ዛፍ ነው፤ የሚከላከለውም ያው ሰው ነው።

በዚያ ላይ ይህ ምድር ምን እንደያዘ ገና ተጽፎ አላለቀም። ማትስ ቱሊን ያዘጋጀው የሶማሊያ ዕፅዋት መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2006 በአራት ቅጽ ታትሟል፤ የኢትዮጵያን ኦርኪዶች ደግሞ ሰብስቤ ደምሰው፣ ፊሊፕ ክሪብና ፊን ራስሙሰን በ2004 በወጣው መጽሐፋቸው ዘርዝረዋል። ይህ ሁሉ ተሠርቶም እ.ኤ.አ. በ2019 አሕመድ ኢብራሂም አዋሌና ሜሪ ባርክወርዝ በሶማሊላንድ ለሳይንስ አዲስ የሆነ፣ ፈሳሹ እንደ ደም የሚቀላ የእሬት ዝርያ ይፋ አድርገዋል። እሬት ትልቅ ተክል ነው፤ በመንገድ ዳር ቆሞ ይታያል። እርሱ እስከ 2019 ድረስ ሳይንሳዊ ስም ሳይወጣለት ከኖረ፣ አበባ ካላወጣ የማይለይ ኦርኪድ ተነቅሎና ተቆርጦ ቢያልቅ ማን ልብ ይላል? ለዚህ መልሱ ሕዝብ የሚገባበት የዕፅዋት ስብስብ ነው። አዲስ አበባ በ705 ሄክታር ላይ የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አላት፤ የሀርጌሳም ሆነ የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ የቴኒስ ሜዳ በማይበልጥ የደረቅ ምድር ዕፅዋት ግቢ ሊጀምር ይችላል። ከዚያ የሚከፈል ተክል፣ ከዚያ የሚሰበሰብ ዘር ለችግኝ ጣቢያ ሲደርስ የዱሩ ተክል ፋታ ያገኛል።

እስከዚያው ድረስ ለአንባቢ የሚቀረው ሥራ ጥቂትና ቀላል ነው። በጉ ወራት በቁጥቋጦ መካከል ረጅም ዘንግ ላይ አረንጓዴና ቡናማ አበባ ካዩ ፎቶ ያንሱት፤ ለዕፅዋት ባለሙያ ያሳዩት፤ ቦታውን በአደባባይ አይናገሩ፤ ተክሉን እዚያው ይተዉት። ሻጭ ከመጣልዎ ከየት እንዳመጣው ይጠይቁት፤ «ከጫካ» ካለ አይግዙት። ከሕጋዊ አሳዳጊ የተከፈለ ግንድ ካገኙ በጠጠር ላይ ያሳርፉት፤ የጠዋት ፀሐይ ያሳዩት። ጂላል ሲገባም የውሃ ማጠጫውን ጣሳ ከዓይንዎ ያርቁት፤ ተክሉ እስከ ጉ ድረስ የሚበቃውን ስንቅ ይዟል።